ከፏፏቴው ሥር ያለው ዋርካ

አምቦ ውስጥ ፋሩቅ ፎቶ ቤት የነበረ ሰው ከጀርባው ይታወቃል። ከደጁ ሲወጣ ኮቱ ላይ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ዱቄት ተለጥፎበት ይታያል። አላፊ አግዳሚው ታዲያ "ፋሩቅ ጋ ነበርክ አይደል?" ይልና፣ ያውቀውም አያውቀውም፣ እጁን ዘርግቶ ቸብ ቸብ አድርጎ ያራግፍለታል። ከተማው ለምዶታል። አንዳንዷ ሙሽራ ግን ነጭ ቬሎዋ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ ሲታተምባት እሪ ብላ ታውቃለች። እውነቷን ነው፣ ማን ያጥብላት!

የዚህ ሁሉ ጣጣ ባለቤት ወርቅቱ ፈይሳ ናት። ወርቅቱ የመጋረጃ ሠዓሊ ነበረች። የመስኮት መጋረጃ እንዳይመስላችሁ፤ ፎቶ ከሚነሳው ሰው ጀርባ የሚሰቀለውን፣ ግድግዳ የሚያህለውን የአቡጀዲ ሥዕል ነው የምትሠራው። ሥዕል የጀመረችው በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ለሰንበት ትምህርት ልጆች የኖኅን መርከብ እየሣለች ነው። ዝሆኑን ከመርከቡ አስበልጣ ብትሠራው አስተማሪዋ ተቆጣቻት፤ አባቷ ኦቦ ፈይሳ ግን "ታዲያ ዝሆን ትንሽ ነው እንዴ?" ብለው ተሟገቱላት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት!

አሠራሯ ቀላል ነው። የዱቄት ቀለም በኮላ ውኃ ትበጠብጥና ትቀባለች። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ችግሩ በነኩት ቁጥር መልቀቁ ነው። ጥቅሙም እሱው ነው። ፎቶ ቤቱ አንዱን ሥዕል ሲሰለች፣ ወርቅቱ በባልዲ ውኃና በጨርቅ አጥባ ታነሳውና በዚያው አቡጀዲ ላይ ሌላ ትሠራለች።

ፋሩቅ አባቱ ከስልጤ ለጨርቅ ንግድ መጥተው አምቦ የቀሩ፣ እሱ ራሱ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ስልጥኛውንም በአንድ ትንፋሽ የሚቀላቅል ሰው ነው። ደግ ነው፤ አፉ ግን ወንፊት ነው። ጠዋት የነገሩትን ከምሳ በፊት ገበያው ያውቀዋል። ስለ ሥራው ደግሞ የማይነቃነቅ እምነት ነበረው። "ሰው ፎቶ የሚነሳው፣ ወላሂ፣ ያልሄደበት ቦታ ለመሄድ ነው" ይላል። ስለዚህ ለነጋዴው መካን፣ ለጎረምሳው አውሮፕላን፣ ለሙሽራ የፈረንጅ አገር ቤተ መንግሥት ያሠራል።

ወርቅቱን ግን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። ከቤታቸው በታች፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ ኦዳ ይሉታል። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከሥሩ ተቀምጠው፣ ግንዱን ተደግፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተጣላ ያስታርቁ ነበር። አንዷ ቅርንጫፍ ወደ ወንዙ ዝቅ ብላ ተዘርግታለች፤ በዚያ ሰፈር አድጎ ከእሷ ላይ ውኃ ውስጥ ያልዘለለ ልጅ የለም። ያንን ዛፍ በ1994 መንገድ ይሰፋል ተብሎ ቆረጡት። መንገዱስ? የት አባቱ ሊሰፋ! እንጨቱን ጭነው ሄዱ፣ ጉቶው ቀረ። ወርቅቱ የዋርካውን ፎቶ ፍለጋ ቤት ለቤት ብትዞር፣ አንድም ሰው የለውም። የአምቦ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ የተነሳው እሷ በሣለችው አውሮፕላን ፊት ነዋ!

"እኔ እሠራዋለሁ" አለች። ደግሞም በዱቄት ቀለም አይደለም። በዘይት ቀለም፣ ውኃ በማያነሳው፣ በአኳራጅ እያቀጠነች ጀመረችው። ታናሽ ወንድሟ ለሊሳ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎራ ይልና ከኋላዋ ቆሞ ይነተርካታል።

"ያቺ ቅርንጫፍ ዝቅ ትበል።"

"ዝቅ ብላለች እኮ!"

"አላለችም። እኔ ስቀመጥባት እግሬ ውኃ ይነካ ነበር።"

"እግርህ ስለረዘመ ነው፣ አንተ ሽመላ!"

ትሳደባለች እንጂ መልሳ ታስተካክላታለች። ሥዕሉ ሲያልቅ ፋሩቅ አገጩን ይዞ ፊቱ ቆመ። "ወርቅቱዬ፣ ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው። ግን ማን ነው ሰፈሩ ፊት ቆሞ ፎቶ የሚነሳው?" አለ። ማን እንደሚነሳ በሳምንቱ አየ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ገና ከበሩ ገብተው "አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ ወይ?" እያሉ ሥዕሉን እንደ ሰው ሰላም አሉት። እናቶች መጡ፣ ተማሪዎች መጡ። ፋሩቅ መካንም አውሮፕላኑንም ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተታቸው።

በ1996 የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሳና ከተማው ተናወጠ። ትምህርት ተቋረጠ፣ ወታደር ገባ፣ ልጆች በመኪና እየተጫኑ ተወሰዱ። ከተጫኑት አንዱ ለሊሳ ነው። ምን አደረገ? ከሰው ጋር ጮኸ፤ ሌላ የተገኘበት ነገር የለም። እናታቸው አዴ ጌጤነሽ ስንቅ ተሸክመው ከአምቦ ጉደር፣ ከጉደር ጌዶ፣ ልጄን ያያችሁ እያሉ ዞሩ። ወርቅቱ ያን ሰሞን ብሩሽ አልጨበጠችም። ከዋርካው ፊት ትቀመጥና ዝቅ ያለችዋን ቅርንጫፍ ታያለች፣ ወንድሟ እየነተረከ ያሠራትን።

አንድ ቀን ሦስት ሰዎች ፎቶ ቤቱ ገቡ። አለቃቸው ኦቦ ጀቤሳ የከተማው የጸጥታ ኃላፊ ነው፤ ያደገው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ የእነ ወርቅቱ ሰፈር ልጅ ማለት ይቻላል። ተማሪዎች አንድ ዛፍ ፊት እየቆሙ ፎቶ ይነሳሉ የሚል ወሬ ደርሷቸው ነው የመጡት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አንደኛው።

"ዋርካ ነዋ!" አለች ወርቅቱ።

"የትኛው ዋርካ?"

እዚህ ላይ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። ኦዳ በክልሉ ባንዲራ ላይ አለ፤ በታገደው ድርጅት ባንዲራ ላይም አለ። አንዱ "ይሄ የመንግሥት ነው፣ ቅጠሉ ክብ ነው" ሲል ሌላው "የእነዚያስ ክብ አይደለም እንዴ?" ይላል። ቢሮ ሄደው ባንዲራ አይተው ተመለሱ፤ የባሰ ተምታታባቸው። ፋሩቅ አላስችል ብሎት "ጌቶች፣ ዛፍ እኮ ነው፤ ወፍ እንጂ ባንዲራ አልሰፈረበትም" ቢል፣ አፍህን ዝጋ ተባለ። ኦቦ ጀቤሳ ግን ወደ ወንዙ የወረደችዋን ቅርንጫፍ ሲያይ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከሥዕሉ ሳያነሳ "ለማንኛውም ይጥፋ። እስከ ዓርብ ካልጠፋ ፎቶ ቤቱ ይታሸጋል" አለ።

ወርቅቱ ቆሽቷ አረረ። ወንድሟን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ዛፉን! ሆኖም ቤት ሄዳ እጇን ስትታጠብ፣ የድሮ ጣሳዎቿን ስታነሳ የነካት የዱቄት ቀለም ከጣቷ ላይ ሟሙቶ ወርዶ፣ በጥፍሯ ሥር ያለው አሮጌ የዘይት ቀለም ንቅንቅ ሳይል ሲቀር አየች። ብቻዋን ፈገግ አለች። በማግስቱ የኮላ ውኃዋን በጠበጠችና ዋርካውን ከላይ እስከ ታች በሰማያዊና በነጭ ዱቄት ቀለም ሸፈነችው። ከገደል የሚወረወር፣ አረፋ የሚደፍቅ፣ የትም አገር የሌለ ፏፏቴ ሆነ። ዓርብ ኦቦ ጀቤሳ መጥቶ አየና "ጎበዝ" ብሎ ሄደ። በባልዲ ውኃ የሚነሳ መሆኑን ለማን ይነገራል? ለፋሩቅ? ለፋሩቅ ከመንገር በድምፅ ማጉያ ማወጅ ይሻላል! ዋጥ አድርጋ ዝም አለች።

ከጊዜ በኋላ ለሊሳ ያለበት እስር ቤት ታወቀና መጠየቅ ተፈቀደላቸው። በሁለት አጥር መሃል ጠባቂ ቆሟል፤ እንዲገባው በአማርኛ ብቻ አውሩ ተባሉ። አዴ ጌጤነሽ አማርኛቸው የገበያ ነው። "በላህ? ብርድ አለ?" ብለው አለቀባቸው፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ልጃቸውን አዩት። ለሊሳ ከስቷል። ወርቅቱ እንባዋን ዋጠችና፣

"ሽማግሌው ደህና ናቸው። ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል እንጂ" አለችው።

ሥዕሉ ይጥፋ መባሉን ከአዲስ ታሳሪዎች ሰምቶ የነበረው ለሊሳ ትንሽ አሰበና ዓይኑ በራ። "እኔ ሞቱ መስሎኝ!"

"አልሞቱም። አንተ ስትፈታ በባልዲ ውኃ ገላቸውን እናጥባቸዋለን፤ ያኔ ይነሳሉ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ጠባቂው "ሰዓት አልቋል" አለ።

ይህ ቃል ለወርቅቱ ብርታት ሆናት። ፏፏቴው ደግሞ ከተማውን ጉድ አሰኘ! ሙሽራው መጣ፣ ተመራቂው መጣ፣ በእረፍት ቀኑ ወታደሩም መጣ። ካድሬዎቹ ጭምር ኮታቸውን ቆልፈው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ሳያውቁት ዋርካውን ተደግፈው ፎቶ ተነሱ። ወርቅቱ ጥግ ላይ ቆማ ስታያቸው አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ብቻ ቀለሙ ዘይት ላይ ስለተቀባ ከበፊቱም ብሶ ይለቅ ጀመር። የአምቦ ሰው ጀርባ ሰማያዊ ሆኖ ከረመ።

በ1999 ወርቅቱ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የእናቶችና የሕፃናት ሥዕል እንድትሠራ ባኮ ተጠርታ ሄደች። ባኮ ሙቀቱ ቀለሙን ገና ከብሩሹ ላይ ያደርቀዋል፤ ሥራው ጎተታት። ተመልሳ ፎቶ ቤቱ ስትገባ ፋሩቅ እጁን እያፋተገ ጠበቃት።

"ዓይንሽን ጨፍኚ! እሺ፣ አሁን ግለጪ!"

ፏፏቴው ያብለጨልጫል። "ቨርኒሽ ቀባሁት!" አለ ፋሩቅ፣ ደስታ ሊገድለው ደርሶ። "ሁለት ጊዜ ደራርቤ! ከእንግዲህ የማንም ጀርባ አይቆሽሽም። የአንቺም ሥራ ዕድሜ ልኩን አይጠፋም። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ!"

ወርቅቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ግን የሰውየውን ፊት ስታይ ምን ትበለው? ለእሷ ብሎ ነው። "ጥሩ አድርገሃል፣ ጋሽ ፋሩቅ" አለችና ወጥታ ጓሮ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ለጥየቃ በሄደች ቁጥር ለሊሳ "ሽማግሌውስ?" ሲላት "ተኝተዋል" ትለዋለች። ቃሏን ማፍረሷን በአጥር ማዶ መንገር አልቻለችም።

በ2001 ለሊሳ ተፈታ። ያለ ማስጠንቀቂያ፣ አንድ ጠዋት ውጣ ተባለና ወጣ። አዴ ጌጤነሽ እልልታቸው ከሁሉቃ ማዶ ተሰማ፤ ጎረቤት ዳቦ ይዞ ጎረፈ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው መጥቶ ዘመረ። እንግዳው ሲሳሳ ለሊሳ እኅቱ ጎን ተቀመጠና በጆሮዋ "ባልዲውስ?" አላት።

ወርቅቱ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። እጁን ይዛ ወደ ፎቶ ቤቱ ወሰደችው፤ እናታቸው ምን ተፈጠረ ብለው ተከተሏቸው። እዚያ፣ ፋሩቅ እየሰማ፣ ሁሉንም ተናገረች። ፋሩቅ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ያ አላህ! ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስለምታወራ ነዋ!"

ፋሩቅ ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ አሰበና ዘጋው። "እውነትሽን ነው" አለ።

ቢሆንም ሳይሞክሩ አልተዉም። ወርቅቱ ጨርቅ አኳራጅ ነክራ ከመጋረጃው ጥግ፣ ከታች፣ ቀስ ብላ ማሸት ጀመረች። ቨርኒሹ ለቀቀ፣ ሰማያዊው ተከተለ፤ ትንሽ አረንጓዴ ብቅ ስትል አዴ ጌጤነሽ "ዋቃዮ!" አሉ። ግን አረንጓዴውም አብሮ ጨርቁ ላይ መጣ። ከሥር የቀረው ነጭ አቡጀዲ ብቻ ነው። ወርቅቱ እጇን እንዳቃጠላት ሁሉ ሰበሰበች።

"ያኔ በመጥረቢያ ቆረጡት፣ አሁን እኔ በጨርቅ ጨረስኩት!" አለችና እንባዋ ተዘረገፈ። "እንዳልደግመው ጠፍቶኛል፣ ለሊሳ። ቨርኒሹ ከተቀባ ወዲህ ስንቴ ሞከርኩ። እጄ የሚያውቀው ፏፏቴ ብቻ ነው።"

ለሊሳ አላባበላትም። ወደ ፋሩቅ ዞረና "አቡጀዲ አለህ? ከሰልስ?" አለው።

ፋሩቅ ከአባቱ ሱቅ አዲስ አቡጀዲ እየሮጠ አመጣ፤ ከሰል ከጎረቤት ቁርስ ቤት ተገኘ። ጨርቁን ግድግዳው ላይ ወጠሩት። ለሊሳ ከሰሉን ያዘና ከግንዱ ጀመረ። በሕይወቱ ሥዕል ሲሠራ ወርቅቱ አይታው አታውቅም፤ እሱ ነትራኪ እንጂ ሠሪ አልነበረም። አሁን ግን እጁ አያመነታም። ሥሩን፣ ቋጠሮውን፣ ኦቦ ፈይሳ ይደገፉበት የነበረውን ጎድጓዳ፣ አንድ በአንድ ያወጣዋል። እየሣለ አወራ።

እስር ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ በከሰል ዋርካውን ይሥል ነበር። ጎብኚ ሲመጣ ኖራ ይቀቡበታል፤ ጎብኚው ሲሄድ እንደገና ይሥለዋል። የረሳውን የጊንጪና የጌዶ ልጆች "የእኛ ሰፈር ዋርካ ደግሞ እዚህ ጋ ጉጥ ነበረው" እያሉ ያስታውሱታል። ከጊዜ በኋላ ልማድ ሆነ። የሚፈታ ሰው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ጀርባውን ዋርካው ላይ ያስደግፋል፤ ጥላሸቱን ሸሚዙ ላይ ይዞ በበሩ ይወጣል።

"አንተስ?" አለች ወርቅቱ።

"እኔ ከመፈታቴ በፊት በነበረው ቀን ኖራ ቀቡት። ነጭ ሆኖ ነው ትቼው የወጣሁት" አለ፣ ከሰሉን ሳያቆም። "ጀርባዬ ባዶውን መጣ።"

ወርቅቱ ፊቷን ጠረገች። ከሰል አነሳችና ከጎኑ ቆመች። እጇ መጀመሪያ ፈራ፤ ከዚያ ቅጠሉን እሷ፣ ቅርንጫፉን እሱ እየተቀባበሉ ሄዱ። ወደ ወንዙ የምትወርደዋ ቅርንጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን "ዝቅ አድርጋት!" ብላ ጮኸችበት። እሱም ሳቀ። ከእስር ከወጣ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው። አዴ ጌጤነሽ ሁለቱን እያዩ "ኤ፣ ልጆቼ" አሉ።

ሲጨርሱ ፋሩቅ ካሜራውን አዘጋጀና፣ ልማድ ሆኖበት፣ "ቨርኒሽ ልቀባው እንዴ?" አለ።

"አይሆንም!" አሉት ሦስቱም በአንድ አፍ።

ለሊሳ ለመፈታቱ የተገዛለትን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ ሄዶ ዋርካውን ተደገፈ። አባቱ ይደገፉበት የነበረው ጎድጓዳ ላይ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ፋሩቅ ደግሞ፣ ለተአምር፣ አንድ ቃል ሳይናገር አነሳው። ለሊሳ ዞር ሲል ጀርባው ላይ ግንዱና ሁለት ቅርንጫፍ ጥቁር ሆኖ ታትሟል። አዴ ጌጤነሽ ሊያራግፉለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ መልሰው ሰበሰቡት።

በዋናው መንገድ ወደ ቤት ሄዱ። ለሊሳ ከፊት፣ እናትና ልጅ ከኋላ። መስተዳድሩ በር ላይ ሲደርሱ ኦቦ ጀቤሳ፣ አሁን ጠጉሩ ሸብቷል፣ ሊወጣ ነው። የሚያልፈውን ወጣት ከጀርባው አየና፣ ማንነቱን ሳያውቅ፣ እንደ ማንኛውም አምቦ እንዳደገ ሰው እጁን ሰነዘረ። "ወንድሜ፣ ፋሩቅ ጋ ነበርክ እንዴ? ቆሽሸሃል" ብሎ ቸብ አደረገው።

ለሊሳ ዞረ። ወርቅቱ የእናቷን ክንድ ጨበጠች። ኦቦ ጀቤሳ መጀመሪያ የልጁን ፊት፣ ከዚያ የገዛ መዳፉን አየ። መዳፉ ጠቁሯል።

"ይሄ የፏፏቴው ቀለም አይደለም" አለ።

"አይደለም። ዋርካው ነው" አለ ለሊሳ።

ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ። ጠባቂዎቹ ራቅ ብለው ያወራሉ። ድምፁን ዝቅ አደረገና በኦሮምኛ፣ ቢሮ ውስጥ በማይናገርበት በሰፈሩ አነጋገር፣ "ወደ ወንዙ የምትወርደዋስ? አለች?" አለ።

"አለች።"

"እግር ውኃ ታስነካለች?"

"መጥተው ይዩዋ!" አለው ለሊሳ።

ኦቦ ጀቤሳ መዳፉን ሳይጠርግ ጨብጦ ወደ መኪናው ሄደ። ወርቅቱ ያን ሳምንት በር በተንኳኳ ቁጥር መጋረጃውን ይዞ የሚሄድ ሰው ጠበቀች።

ቅዳሜ ዕለት ኦቦ ጀቤሳ መጣ። ብቻውን፣ ያለ ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ። ፋሩቅ እየተንተባተበ "ቆመው ነው ተቀምጠው?" ሲለው እሱ ቅርንጫፏን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ዞረና ጀርባውን ግንዱ ላይ አስደገፈ። ፋሩቅም አነሳው።

በገበያው መሃል አድርጎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከተማው ሁሉ ጀርባውን አየ። ማንም አላራገፈለትም።